ለኦፕን ባፍል ስፒከር ትዊተር አመራረጥ

ሳጥን የሌለው፣ ማለትም በአንድ ጣውላ ላይ ተሰክቶ ኋላው ክፍት የሚተው ስፒከር የሚሠራ ሰው ዉፈሩን (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣውን) እና ሚድሬንጁን (መካከለኛውን የሚያወጣውን) ከመረጠ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ይመስለዋል። ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ትንሽ ነው፤ ጀርባውም ከፋብሪካው ተዘግቶ ስለሚመጣ ጣውላው ከኋላ ክፍት መሆኑ የሚያገባው አይመስልም። አብዛኛው ገዢ የመረጃ ወረቀቱን ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው ትዊተሩ እስከ 25 ወይም 30 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል በሚለው መስመር ላይ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ትዊተሩ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ቀጥሎም ከጀርባው ምን ድምፅ እንደሚወጣ ነው እላለሁ። የላይኛው ጫፍ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ደህና የተሠራ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ትዊተር ሁሉ የሰው ጆሮ የሚሰማውን ያህል ይደርሳልና።

ለምን እንዲህ እንደምል ግልጽ እንዲሆን ከመሠረቱ መጀመር ይሻላል። ክፍት ጣውላ ላይ የተሰካ ኮን (የስፒከሩ የሚንቀሳቀስ ሾጣጣ ክፍል) ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ደግሞ ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሞገዶች ተቃራኒ ስለሆኑ በጎን በኩል ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ከላይ ወደ ታች ለሚመለከተው ድምፁ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይይዛል፤ ፊት ለፊትና ከኋላ ሙሉ ነው፣ በ45 ዲግሪ 3 ዴሲቤል፣ በ60 ዲግሪ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ በ90 ዲግሪ ከሞላ ጎደል አይሰማም። ይህን አሠራር የምንወድ ሰዎች የምንወደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወደ ጎን ግድግዳዎች፣ ወደ ጣሪያና ወደ ወለል የሚሄደው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ክፍሉ በሙዚቃው ላይ የሚጨምረው ይቀንሳል። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ይህ ጥቅም ቶሎ ይታወቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ሚድሬንጁ ሥራውን ለትዊተሩ በሚያስረክብበት ቦታ ነው። የእኔ ሚድሬንጅ ባለ 8 ኢንች ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰው የኮኑ ክፍል ስፋት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በ2000 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ከዚሁ ከኮኑ ስፋት ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ኮኑ ድምፁን እያጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይልካል። ጣውላዬ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ከኮኑ መሐል እስከ ጠርዝ ያለው መንገድ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኋላው ሞገድ ይህን መንገድ ዞሮ ሲመጣ በ1100 ኸርዝ አካባቢ የፊቱን ያግዘዋል፣ ወደ 2300 ኸርዝ ሲጠጋ ደግሞ ይቀንስበታል፤ ከ1100 በታች ደግሞ ድምፁ ቀስ በቀስ እየወረደ ሄዶ በየኦክታቩ፣ ማለትም ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ድምፁ ለሚድሬንጁና ለትዊተሩ የሚከፈልበት ድንበር፣ ከ2000 ኸርዝ በታች መሆን እንዳለበት ግልጽ ሆነ፤ 1600 ኸርዝን መረጥሁ።

በ1600 ኸርዝ የሞገድ ርዝመት 21 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጉልላት (ድምፁን የሚያወጣው ክብ ጉብታ) ያለው ትዊተር ከዚህ ሞገድ አንጻር ነጥብ ያህል ስለሆነ ድምፁን ፊት ለፊቱ ወዳለው ሁሉ፣ እስከ ጎን ድረስ፣ እኩል ይረጫል፤ ራሱ መጥበብ የሚጀምረው ከ7 ኪሎ ኸርዝ ወዲያ ነው። ስለዚህ ከ1600 ኸርዝ በታች የጎን ግድግዳው የሚደርሰው ድምፅ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በላይ ባለው አንድና ሁለት ኦክታቭ በድንገት ይበዛል። ማይክሮፎን ፊት ለፊት አስቀምጦ የለካ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ያያል፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠው አድማጭ ግን ከግድግዳ የሚመለሰውንም አብሮ ስለሚሰማ፣ ያውም ጆሮ እጅግ ንቁ በሚሆንበት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል፣ ድምፁ የሚጮህ ይመስለዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱን በትዊተሩ ጥራት ላይ ያደርግና የበለጠ ውድ የሆነ ይገዛል። ውዱም በዚያው ቦታ ከተተከለ ያንኑ ያደርጋል።

እንግዲህ ትዊተሩ እስከ 1600 ኸርዝ ሳይጨነቅ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ከመረጃ ወረቀቱ የምንፈልገው ቁጥር የሬዞናንስ ድግግሞሹን፣ ማለትም ጉልላቱ በራሱ የሚያስተጋባበትን፣ ነው። በተለምዶ ክሮስኦቨሩ ከሬዞናንሱ ቢያንስ እጥፍ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዲቀመጥ ይመከራል፤ ያም ቢሆን ቁልቁለቱ፣ ማለትም ከድንበሩ በታች ያለው ድምፅ የሚቆረጥበት ፍጥነት፣ በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል ሲሆን ነው። ምክንያቱም አንድ ትዊተር ተመሳሳይ የድምፅ መጠን ይዞ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ሲል ጉልላቱ የሚንቀሳቀሰው ርቀት አራት እጥፍ ያድጋል፤ በ3200 ኸርዝ ምንም የማይመስለው ትዊተር በ1600 ሊጨነቅ ይችላል። የኖርዌዩ ሲያስ የሚሠራው 27ቲዲኤፍሲ የተባለው የጨርቅ ጉልላት ሬዞናንሱ 550 ኸርዝ ነው፤ በዴንማርካውያን ንድፍ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሚመረተው ኤስቢ አኩስቲክስ ኤስቢ26ኤስቲሲ ደግሞ 750 ኸርዝ ነው። ሁለቱም ለ1600 ይበቃሉ፤ የመጀመሪያው በምቾት፣ ሁለተኛው ልክ በልክ። መግነጢሳቸው ትንሽ የሆኑ ርካሽ የኒዮዲሚየም ጉልላቶች ግን ብዙዎቹ ከ1000 ኸርዝ በላይ ስለሚያስተጋቡ፣ ቅርጻቸው ለኦፕን ባፍል የተመቸ ቢሆንም ለዚህ ሚድሬንጅ አይሆኑም።

አዲስ አበባ ላይ ለምንሠራ ሰዎች በወረቀቱ ላይ የማይጻፍ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ ስላልሆነ ከላይ ያሉት የሞገድ ስሌቶች አይለወጡም፤ የአየሩ ጥግግት ግን በ2350 ሜትር ከፍታ ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ጉልላቱ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚፈጥረው ግፊት ከ2 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ሚድሬንጁም እኩል ስለሚቀንስ ሚዛኑ አይዛባም፤ ነገር ግን ድምፁን ወደለመድነው መጠን ለማድረስ ሁሉም የበለጠ መሥራት አለባቸው፤ ከሁሉም ቀድሞ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ወደ ታች የተገፋው ትዊተር ነው። ልክ በልክ የሆነውን ትቼ ምቾት ያለውን እንድመርጥ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስለ ሌሎቹ የትዊተር ዓይነቶችም የደረስሁበትን ልናገር። በገበያችን በቀላሉ የሚገኙት የመኪና ትዊተሮችና ፒየዞዎች (በማግኔት ፈንታ በኤሌክትሪክ በሚርገበገብ ክሪስታል የሚሠሩት) ናቸው። የመኪናዎቹ ከ3 ወይም ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ ፒየዞ ደግሞ በትልልቅ የአዳራሽ ስፒከሮች ውስጥ ቦታ ቢኖረውም ወደ ታች አይወርድም፣ ድምፁም ቀጥ ያለ አይደለም። እነዚህን ማለፍ አያሳዝንም። ሪበን ትዊተር፣ ማለትም በማግኔቶች መካከል በተንጠለጠለ ስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራው፣ ከፍተኛውን ድምፅ በጣም ያማረ አድርጎ ያወጣል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ትንንሾቹ ከ2.5 ወይም ከ3 ኪሎ ኸርዝ በታች ስለማይወዱ የሚስማሙት ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሚድሬንጅ ጋር ነው፤ ያ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ሚድሬንጅ ይፈልጋልና ስፒከሩ ባለ አራት መንገድ (ድምፁ ለአራት የሚከፈልበት) ይሆናል።

ፕላናር የሚባሉት፣ ማለትም ጠፍጣፋ ስስ ላስቲክ ላይ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ተለጥፎባቸው በማግኔቶች መካከል የሚርገበገቡት፣ ለኦፕን ባፍል የተፈጠሩ ይመስላሉ። የቦሌንደር ግሬብነር ኒዮ 3 ለምሳሌ የኋላ ክዳኑ ሲነሳለት ከፊትም ከኋላም ተቃራኒ ድምፅ የሚያወጣ እውነተኛ ዳይፖል ይሆናል፤ የ8 ቁጥሩ ቅርጽ ከሚድሬንጁ ወደ ትዊተሩ ሳይቋረጥ ይሸጋገራል። ዋጋው ግን በታች በኩል ይከፈላል፤ ክዳኑ ከተነሳ በኋላ የፊቱና የኋላው ድምፅ በትንሿ ፊቱ ዙሪያ ስለሚጠፋፉ ዝቅ ያለው ክፍል ይሳሳል፣ ክሮስኦቨሩም ከፍ እንዲል ይገደዳል። ከ8 ኢንች ጋር ለማጋባት ያስቸገረኝ ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉም የሚበልጠው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦስካር ሃይል የፈለሰፈውና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በካሊፎርኒያው ኢኤስኤስ ለገበያ የቀረበው ኤር ሞሽን ትራንስፎርመር ነው። ዲያፍራሙ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ሆኖ እጥፋቶቹ ሲጠባበቁ አየሩን ጨምቀው ያስወጡታል፤ ትልቁ ዓይነት ወደ 1000 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፣ ከፊትም ከኋላም ክፍት ነው። ገንዘብና ጭነት ባይገድበኝ ኖሮ ሌላ አልፈልግም ነበር። የማግኔቱ ክብደት ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ እንዲመጣ የሚለመንበት ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ወደ ጉልላት ትዊተር ተመለስሁ። ጉልላቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ በኤአር-3 ስፒከር ለቤት ያስገባው ኤድጋር ቪልቸር መሆኑ ያስገርማል፤ ይኸው ሰው ዝናውን ያተረፈው ዉፈርን አየር በማያስወጣ ሳጥን ውስጥ በመዝጋት ነበርና፣ የእኛን ክፍት ጣውላ ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም። ጨርቅ ይሁን ብረት የሚለው ክርክር ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይረባም፤ በጥንቃቄ የተሠራ የብረት ጉልላት የሚያስቸግረው ጆሮ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

ጉልላት ግን ከጀርባው ዝግ ነው፤ የኋላውን ጉድለት የሚሞላው ሁለተኛ ትዊተር ነው። ከሂውሌት ፓካርድ ባልደረባው ከረስ ራይሊ ጋር ስሙ በክሮስኦቨር የሚጠራው፣ በ2018 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያረፈው ጀርመን የተወለደው መሐንዲስ ሲግፍሪድ ሊንክዊትስ ኦሪዮን የተባለውን ክፍት ስፒከሩን መጀመሪያ የነደፈው ከፊት ብቻ ትዊተር አድርጎ ነበር፤ በኋላ ግን ከጀርባም አንድ ጨመረበት፤ ቀጥሎ በሠራው ኤልኤክስ521 ላይ ሁለቱም ትዊተሮች ከመነሻው አሉ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የኋላ ትዊተር የሌለው ስፒከር ከበስተኋላው ወዳለው ግድግዳ የሚልከው ከ1600 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ የታፈነና ከፊተኛው ጋር የማይመሳሰል ይሆናል። ሁለተኛው ትዊተር ሲጨመር የሚመለሰው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ቀለም ይኖረዋል፤ ጆሮም ከክፍሉ የመጣ መሆኑን ለይቶ በቀላሉ ይተወዋል።

የኋላው ትዊተር ከፊተኛው ጋር ተቃራኒ ሆኖ፣ ማለትም ፊተኛው ሲገፋ የኋለኛው እንዲስብ ተደርጎ መገናኘት አለበት። እንዲህ ሲሆን በ90 ዲግሪ ከሁለቱም የሚመጣው ድምፅ እኩልና ተቃራኒ ስለሚሆን የጎኑ ጸጥታ ይመለሳል፤ በመካከለኞቹ ማዕዘኖች ቅርጹ የሚጠበቀው ግን ሁለቱ ሲቀራረቡ ነው። ለዚህ ነው ጀርባው አጭር የሆነ፣ የፊት ሳህኑም ትንሽ የሆነ ትዊተር የሚመረጠው። ጣውላውን በተመለከተ ሚድሬንጁ ካለበት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት እስከ ላይ ድረስ መቀጠል ስሕተት ነው፤ ትዊተሮቹ ባሉበት ቦታ አንገት አውጥቼለት ከሳህኑ ብዙም እንዳይሰፋ አድርጌ ቆረጥሁት። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ለዚህ በቂ ነው፤ ኤምዲኤፍ በቀጭን አንገት ላይ ብሎኑን አጥብቆ አይዝም። በሚድሬንጁና በትዊተሩ ማዕከሎች መካከል ያለው ርቀት 16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከ21 ሳንቲ ሜትሩ ሞገድ በታች ስለሆነ፣ አድማጭ ቢቆምም ቢቀመጥም በክሮስኦቨሩ አካባቢ ድምፁ ብዙ አይለወጥም።

የገመዱ አያያዝ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት ባለ 4 ኦም ትዊተሮች ጎን ለጎን ቢያያዙ 2 ኦም ስለሚሆኑ አብዛኛውን አምፕሊፋየር ያስጨንቁታል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን 8 ኦም ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም የቮልቴጁን ግማሽ ስለሚያገኝ የፊቱ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይህ ኪሳራ ቢመስልም ለኦፕን ባፍል በትክክል የሚፈለገው ነው። ሚድሬንጁ ከ1100 ኸርዝ በታች የሚያጣውን ለማካካስ ሌላው ክፍሉ ዝቅ ስለሚደረግ፣ 90 ዴሲቤል ተብሎ የተሸጠው በተግባር ወደ 84 ወይም 85 ይወርዳል፤ ትዊተሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ90 በላይ ነው። ሌላ ሰው በሬዚስተር አቃጥሎ የሚያጠፋውን ትርፍ እኛ ለኋላው ትዊተር ሰጠነው ማለት ነው። የሬዞናንሱ ምቾት ወደ 27ቲዲኤፍሲ ቢስበኝም፣ እሱ ባለ 6 ኦም ስለሆነ ሁለቱ በተከታታይ 12 ኦም ይሆናሉ፤ ትዊተሩ የራሱ አምፕሊፋየር ስላለው ግን ይህ አላሳሰበኝም፣ ምርጫዬም እሱ ሆነ።

ክሮስኦቨሩ በዲጂታል ፕሮሰሰር የሚሠራ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ከትዊተሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ሲበራና ሲጠፋ የሚመጣ ጉምታ ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ በስሕተት የተነካ አንድ ቁልፍ ጉልላቱን ሊያቃጥል ይችላል። በመካከል ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያግድ 33 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ይበቃል፤ ከ12 ኦም ጋር ሥራውን የሚጀምረው በ400 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ከክሮስኦቨሩ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ድምፁን አይነካም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን አለማድረግ ድፍረት ነው።

ልኬቱን ግቢ ውስጥ፣ ስፒከሩንና ማይክሮፎኑን ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ አድርጌ፣ በመካከላቸው 1 ሜትር ትቼ ወሰድሁ። ከመሬት ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ 1.6 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ስለሚሄድ ወደ 4.7 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ከዚያ በፊት ያለውን ብቻ ቆርጦ መውሰድ ከ220 ኸርዝ በላይ የታመነ መረጃ ይሰጣል፤ ለትዊተር ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ሥራ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። የፊት ለፊቱን መስመር ብቻ አይቶ መርካት አይገባም። በ30፣ በ45ና በ60 ዲግሪ የተወሰዱት መስመሮች በ1600 ኸርዝ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ቁልቁለት ካላቸው ምርጫው ተሳክቷል፤ የ60 ዲግሪው መስመር ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ጉብታ ካወጣ ግን የፊት ለፊቱ ምንም ያህል ቢያምር ሳሎን ውስጥ ይጮሃል።

ለጆሮ ፈተና ከበገና የተሻለ አላገኘሁም። የአውታሩ መሠረታዊ ድምፅ በጣም ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች የሚፈጥሩት ጥዝዝታ ደግሞ በሚድሬንጁና በትዊተሩ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ርክክቡ ትክክል ከሆነ ጥዝዝታው ከአውታሩ ጋር አንድ ሆኖ ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ካልሆነ ድምፁ ከታች፣ ጥዝዝታው ከላይና ከጎን የተለያዩ ሆነው ይሰማሉ። ቀጥሎ የማዳምጠው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው፤ በ«ጸ» እና በ«ጨ» ላይ ድምፁ ከአንባቢው አፍ ተነጥሎ ወደ ትዊተሩ የሚሮጥ ከሆነ ትዊተሩ 1 ዴሲቤል እንኳ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

የኋላው ትዊተር ጥሩ የሚሠራው ስፒከሩ ከበስተኋላው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ሲርቅ ነው፤ ያኔ የሚመለሰው ድምፅ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገይ ከፊተኛው ጋር አይደበላለቅም። ሳሎኑ ይህን ካልፈቀደ ከኋላው ትዊተር ጋር ጎን ለጎን አንድ ባለ 12 ኦም ሬዚስተር ማያያዝ ይቻላል። ለባለ 6 ኦም ትዊተር የኋላው በ2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ የፊቱ በ1.6 ይጨምራል፤ የፊቱን ትርፍ በፕሮሰሰሩ መመለስ ነው። እኔ ስፒከሮቼን ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ስላቆምሁ ሬዚስተሩን አስገብቻለሁ፤ ከበስተኋላቸው ወፍራም መጋረጃ በተሰቀለበት ጊዜ ግን አወጣዋለሁ፤ መጋረጃው ከሬዚስተሩ ጋር ከተደረበ ከፍተኛው ድምፅ ይሞታል።